ሰንጢ፣ ቴሌግራምና ያልደረሰው ሐኪም

«ቴሌሜዲስን» የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ስማርት ፎን፣ ፈጣን ኢንተርኔትና በስክሪን ላይ ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚያናግረን ሐኪም ነው። ከኮሮና ወዲህ የመጣ፣ የኛ ዘመን የወለደው ነገር ይመስለናል። ትንሽ ወደኋላ ሄደን ስንፈትሽ ግን ዕድሜው ከአያቶቻችን ይበልጣል። ጎግል ሳይኖር፣ ቴሌቪዥን ሳይኖር፣ እንዲያውም ራዲዮ እንኳ በቅጡ ሳይስፋፋ ሰዎች በሩቅ ያለ ሐኪም እያዘዛቸው ሕይወት ለማትረፍ ታግለዋል።

ስልክ ራሱ ሕክምና ላይ ለመዋል ብዙ አልቆየም። ግራሃም ቤል የስልክን ፓተንት ያገኘው በ1876 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1879፣ ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አንድ ወሬ አወጣ። በሌሊት ሕፃን ታሞባቸው የተጨነቁ ቤተሰቦች ለሐኪም ይደውላሉ። ሐኪሙም ሕፃኑን ወደ ስልኩ አስጠጉልኝ ብሎ ሳሉን ያዳምጥና የተፈራው አደገኛ የጉሮሮ በሽታ እንዳልሆነ ይነግራቸዋል። ከዚያ ሁሉም ተኛ። በ1905 ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ ቪለም አይንትሆቨን የተባለ ሳይንቲስት ሆስፒታል ውስጥ የተኛን በሽተኛ የልብ ምት በስልክ ሽቦ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ርቆ ወደሚገኘው ላቦራቶሪው አስተላለፈ።

እነዚህ ግን ቀላሎቹ ናቸው። ሕፃኑ ደህና ነበር፤ የአይንትሆቨን በሽተኛም ሆስፒታል ውስጥ ነበር። የርቀት ሕክምና እውነተኛ ፈተና የሚመጣው በሽተኛው ዛሬ ካልታከመ ነገ የማይኖር ሲሆን፣ ሐኪሙም በምንም ተአምር ዛሬ መድረስ የማይችል ሲሆን ነው። ይህንን ፈተና እንደ ሆልስ ክሪክ አጉልቶ የሚያሳይ ታሪክ አላገኘንም።

ሆልስ ክሪክ፣ 1917

ሆልስ ክሪክ በምዕራብ አውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኪምበርሊ በሚባለው በረሃማ የከብት አገር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በጁላይ 1917 መጨረሻ ጂሚ ዳርሲ የተባለ የ29 ዓመት ከብት ነጂ ከፈረስ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። ጓደኞቹ በጋሪ ጭነው ግማሽ ቀን ያህል አንገላትተው ሆልስ ክሪክ አደረሱት። ከተማዋ ሐኪም የላትም። ያላት ፖስታ ቤት፣ ፖስታ ቤቱም ያለው የቴሌግራፍ ማሽን ነው። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ተኬት ይባላል፤ የሕክምና ዕውቀቱ አንድ የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ ብቻ ነው።

ተኬት በአቅራቢያው ወዳሉት ከተሞች ቴሌግራም ላከ። የሚመጣ ሐኪም አልተገኘም። በመጨረሻ ያገኘው ፐርዝ ያለውን ዶ/ር ሆላንድን ነው። እንዲያውም ያንን የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ ያስተማረው እሱ ነበር። ፐርዝ ከሆልስ ክሪክ ዛሬ በአስፋልት መንገድ እንኳ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሁለቱ ሰዎች በሞርስ ፊደል፣ በነጥብና በሰረዝ፣ ይነጋገሩ ጀመር። ሐኪሙ ይጠይቃል፤ ተኬት ወደ በሽተኛው ሄዶ አይቶ ተመልሶ ይመልሳል። ከዚህ ምልልስ በኋላ ዶ/ር ሆላንድ የዳርሲ የሽንት ፊኛ መጎዳቱን፣ ቶሎ ካልተቀደደም እንደሚሞት ደመደመ። ቀዳጁም ተኬት መሆን ነበረበት።

ተኬት መሣሪያ የለኝም አለ። ሐኪሙም ሰንጢ አይጠፋህም አለው። ብገድለውስ ብሎ ፈራ። ሐኪሙም ካልቸኮልክ አንተ ሳትነካው ይሞትልሃል አለው ተብሎ ይተረካል። ማደንዘዣ አልነበረም። ዳርሲ ጠረጴዛ ላይ ታሰረ። ለቁስል ማጠቢያ በየቤቱ ይገኝ የነበረው ፖታሺየም ፐርማንጋኔት በውሃ ተበጠበጠ። ተኬት በሰንጢና በምላጭ፣ ከቴሌግራፉ የሚመጣውን ትእዛዝ እየተከተለ፣ በሰው ገላ ላይ የሕይወቱን የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና አደረገ። በማግስቱም መደገም ነበረበት።

ዳርሲ ቀዶ ሕክምናውን ተቋቋመ። ዶ/ር ሆላንድ ግን ሁኔታው ስላላማረው ራሱ ለመሄድ ተነሳ። ከብት በሚጭን መርከብ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ ከዚያ በፎርድ መኪና ያን መንገድ አልባ አገር ሰንጥቆ ሄደ፤ መኪናዋ እምቢ ስትል በፈረስ ጋሪና በእግር ጨረሰው። ጉዞው ወደ ሁለት ሳምንት ወሰደ። ጋዜጦች የዓለም ጦርነቱን ዜና ወደ ጎን ብለው የከብት ነጂውን ሁኔታ በየቀኑ ይዘግቡ ነበር። ሐኪሙ ሆልስ ክሪክ ሲደርስ ዳርሲ ባለፈው ቀን ሞቶ አገኘው። የተቀደደው ቦታ ደህና ነበር፤ የገደለው ቀድሞ ሰውነቱ ውስጥ የነበረ፣ በሽቦ ያልታየ ሌላ በሽታ ነው። ወባ በዋነኛነት ይጠቀሳል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ተኬት ጀግንነት ነው፤ ይገባዋልም። እኛን የያዘን ግን ሌላ ነገር ነው። ሽቦው የሠራውም ያልሠራውም እዚህ ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሽቦው ዕውቀት አምጥቷል። መድኃኒት አላመጣም፤ ማደንዘዣ አላመጣም፤ የደም ምርመራ አላመጣም። ተኬት የማያውቀውንና ስለዚህም የማይናገረውን ነገር ሐኪሙ ሊያይ አልቻለም። በሩቅ የሚደረግ ሕክምና ጥራቱ በሽተኛው አጠገብ ካለው ሰው ዓይንና እጅ አይበልጥም።

ፔዳል የሚረገጥ ራዲዮ

አውስትራሊያውያን ከዳርሲ ሞት ተማሩ ማለት ይቻላል። ጆን ፍሊን የተባለ የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ከ1912 ጀምሮ በዚያ በረሃ ለሚኖሩት ሰዎች ነርሶችና ትንንሽ ሆስፒታሎች ለማዳረስ ሲደክም ነበር። በ1917 መጨረሻ ክሊፎርድ ፒል የተባለ የሕክምና ተማሪ፣ ወደ ጦርነቱ እየዘመተ ሳለ፣ ሐኪም በአውሮፕላን ቢሄድስ የሚል ደብዳቤ ጻፈለት። ፒል በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ በጦርነቱ ሞተ፤ ሐሳቡ የተተገበረበትን ቀን አላየም። በሜይ 1928 ከክሎንከሪ ከተማ የመጀመሪያዋ የሐኪም አውሮፕላን ተነሳች። በመጀመሪያው ዓመት 50 ጊዜ በረረች፤ 225 በሽተኞችም ታከሙ። ይህ አገልግሎት ዛሬ ሮያል ፍላይንግ ዶክተር ሰርቪስ ይባላል።

አውሮፕላኗ ግን አንድ ጥያቄ አልመለሰችም፦ ሰው መታመሙን ማን ይነግራታል? በመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ለሚገኝ የከብት እርሻ የስልክ ሽቦ የሚዘረጋለት የለም። ኤሌክትሪክም የለም። መልሱን ያመጣው የአደሌዱ ኢንጂነር አልፍሬድ ትሬገር ነው። በ1929 እንደ ብስክሌት ፔዳል እየተረገጠ የራሱን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ራዲዮ ሠራ። የሚያወጣው ኃይል ወደ 20 ዋት ነው፤ ያለፈበትን ዓይነት አንድ አምፖል በቅጡ አያበራም። ያ ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ለሚርቅ ሐኪም «ልጄ ታመመብኝ» ለማለት በቂ ነበር። መጀመሪያ በሞርስ ብቻ ይሠራ ስለነበር ለተራው ሰው ከበደ። ትሬገርም ፊደሉን ሲጫኑት ራሱ ወደ ሞርስ የሚቀይር እንደ ጽሕፈት መኪና ያለ ነገር ጨመረበት። በኋላ በድምፅ መነጋገር መጣ።

ደስ የሚለው ደግሞ ሰዉ ራዲዮውን ለበሽታ ብቻ አልተወውም። ጎረቤት ከጎረቤት ወሬ ያወራበት ጀመር፤ በ1951 አሊስ ስፕሪንግስ ላይ ለሩቅ ልጆች በራዲዮ ትምህርት ቤት ተከፈተበት። እኛ ይህን እንደ ዋና ትምህርት እንወስደዋለን። በየቀኑ የሚነካ፣ ሰው የለመደው መሣሪያ በጭንቅ ቀን ይሠራል። ለክፉ ቀን ብቻ ተብሎ ቆልፈው ያስቀመጡት መሣሪያ ክፉው ቀን ሲመጣ ባትሪው አልቆ ይገኛል።

ቁጥር የተጻፈባት ሳጥን

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የኛን ልብ የሰረቀችው ግን አውሮፕላኗም ራዲዮውም አይደለችም። ሳጥን ናት።

ሐኪሙ በራዲዮ «ይህን መድኃኒት ስጫት» ቢል፣ መድኃኒቱ ቤት ውስጥ ከሌለ ንግግሩ ከንቱ ነው። ቢኖርም እንኳ የላቲን ስሙን በሚንጫጫ ራዲዮ አጥርቶ መስማት፣ ከሰሙም በኋላ ብልቃጡን መለየት ሌላ ጣጣ ነው። በ1942 ሉሲ ጋርሊክ በተባለች ነርስ ሐሳብ አመንጪነት አገልግሎቱ ለየእርሻው አንድ ዓይነት የመድኃኒት ሳጥን ማደል ጀመረ። በያንዳንዱ መድኃኒት ላይ ቁጥር ተጻፈ። በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ቁጥር የተሰጠው የሰው አካል ሥዕልም ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ። እናት «እዚህ ቁጥር ላይ ያመዋል» ትላለች፤ ሐኪሙ «ከዚህ ቁጥር መድኃኒት ይህን ያህል ስጪው» ይላል። እዚያ አገር የሚነገር ቀልድም አለ፦ ዘጠኝ ቁጥርን ስጪ የተባለች ሴት ዘጠኝ ቢያልቅባት አምስትና አራትን ደምራ ሰጠች ይባላል።

ቀልዱን ስቀን ስናልፈው የሚቀረን ቁም ነገር ይህ ነው። ያቺ ሳጥን ውስጥ ምንም ረቂቅ ቴክኖሎጂ የለም። ተኬት በ1917 ያጣው ግን በትክክል እሷን ነበር። ራዲዮ ከሳጥን ጋር ሲሆን ሕክምና ይሆናል፤ ያለሳጥን ግን ማጽናኛ ነው።

ከመርከብ እስከ ኤርፖርት

ሌላው ዓለምም በየፊናው እዚሁ መደምደሚያ ላይ ደርሷል። በ1935 ጣልያናዊው ሐኪም ጊዶ ጊዳ በባሕር ላይ ላሉ መርከበኞች በራዲዮ ምክር የሚሰጥ ማዕከል ሮም ላይ መሠረተ። የራዲዮ አባት የሚባለው ማርኮኒ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ ነበር። መርከቦችም የመድኃኒት ሳጥን ይይዛሉ።

በ1968 ቦስተን ላይ ዶ/ር ኬኔዝ በርድ የሎጋን ኤርፖርትን ክሊኒክ ከማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ጋር በቴሌቪዥን አገናኘ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ችግሩ ርቀት አልነበረም፤ የመኪና መጨናነቅ ነበር። (የአዲስ አበባ ልጅ ይህንን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።) ክሊኒኩ ውስጥ ሁልጊዜ የምትገኘው ነርስ ነበረች፤ ካሜራውን የምታዞር፣ የልብ ማዳመጫውን በሽተኛው ደረት ላይ የምታሳርፍ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን የምትፈጽም እሷ ናት። በ1974 በርድና ባልደረባው ከ1,000 በሽተኞች ያገኙትን ልምድ አሳተሙ።

በ1988 መጨረሻ አርመንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰው ሲገድል፣ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ሐኪሞች በሳተላይት የአርመን ሐኪሞችን አማከሩ። ቀዝቃዛው ጦርነት ገና አላለቀም ነበር። በሴፕቴምበር 2001 ደግሞ ኒውዮርክ የተቀመጡ ሐኪሞች ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የተኛችን ሴት ሐሞት ከረጢት በሮቦት አወጡ። ዓለም ጉድ አለ። ከበሽተኛዋ አጠገብ ግን ነገር ቢበላሽ የሚረከቡ ሐኪሞች ቆመው ነበር። ይህንን አርዕስተ ዜናዎቹ ብዙም አላነሱትም።

በስትሮክ ሕክምናም እንዲሁ ነው። በ1996 አሜሪካ ውስጥ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ለስትሮክ ሲፈቀድ ሕመሙ ከጀመረ በሦስት ሰዓት ውስጥ መሰጠት ነበረበት። የነርቭ ስፔሻሊስት የሌላቸው ትንንሽ ሆስፒታሎች በቪዲዮ ስፔሻሊስት እያማከሩ መስጠት ጀመሩ። ግን ሁለት ነገር የግድ ነው፦ የራስ ቅል ሲቲ ስካንና መድኃኒቱ እዚያው መኖር። በኖቬምበር 2020 ኮሮና ሆስፒታሎችን ሲያጨናንቅ የአሜሪካ መንግሥት አልጋ ይዞ መታከም የሚገባውን ሰው ሆስፒታሎች ቤቱ እንዲያክሙት ፈቀደ። ሐኪሙ በስክሪን ያየዋል። ነርስ ወይም ፓራሜዲክ ግን በየቀኑ በአካል ይሄዳል፤ ጓንትና መርፌ ይዞ።

እኛስ?

ስልክ ወደኛ አገር የገባው ቀድሞ ነው። ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የስልክ መስመር ሥራ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1894 ተጀመረ። ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ነበር ይባላል። ሽቦው ግን ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የአስተዳደር ጉዳይ ሆኖ ቆየ። ለበሽተኛ እስኪደርስ አንድ ምዕተ ዓመት ፈጀ።

በ2004 የሕንዱ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም የአፍሪካን ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ከሕንድ ጋር በሳተላይት የማገናኘት ሐሳብ አቀረቡ። የሙከራው አገር ኢትዮጵያ ሆነች። በ2007 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የነቀምቴ ሆስፒታል ሃይደራባድ ከሚገኝ የሕንድ ሆስፒታል ጋር ተገናኙ። ዋናው የአፍሪካ መረብ በ2009 ተመርቆ በ2017 ምዕራፉ ተዘጋ፤ ከዚያም በሌላ ፕሮጀክት ተተካ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። የተገናኙት ግን ሐኪም ያላቸው ሆስፒታሎች ነበሩ፤ የጭንቅ ሌሊት የሚመጣባት እናት ደግሞ ያለችው ከነቀምቴ ብዙ ሰዓት በሚያስኬድ ገጠር ነው።

በጎን ሌላ፣ ብዙም ያልተዘመረለት ነገር እየሠራ ነበር። በ2004 የተጀመረው 952 የነፃ ስልክ መስመር ስለ ኤችአይቪ ለመጠየቅ ፊቱን ማሳየት ለሚያፍር ሰው ጆሮ ሰጠ። በኮሮና ጊዜ 8335 የአገሩ ሁሉ የጭንቀት ቁጥር ሆነ። በአጭር ቁጥር ከሐኪም የሚያገናኙ የግል አገልግሎቶችም መጡ። ማንም ያልመዘገበው ሌላ ቴሌሜዲስንም አለን፦ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ሐኪም። የእማማን የራጅ ፎቶ በቫይበር ወይም በቴሌግራም ያልላከ ቤተሰብ ስንት ይሆናል? ሐኪሙ እዚያ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ሳይተኛ «ይህን መድኃኒት አቁሙ፣ ነገ ውሰዷት» ይላል። ይህ የሚሠራው ግን ዘመድ ውጭ ላለው ነው።

ከሁሉም በላይ ተስፋ የሚሰጠን ደግሞ ስሙ ቴሌሜዲስን ያልሆነ ሥራ ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለየቀበሌው ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው ከ30,000 በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ አሰማራ። አብዛኞቹ አስረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ያንኑ ሰፈር የሚያውቁ ወጣቶች ነበሩ። ተኬት አንድ ኮርስ ነበረው፤ እነሱ ከእሱ በብዙ ይሻላሉ። ሩቅ ያለ ሐኪም የሚፈልጋቸው ዓይንና እጅ እነሱ ናቸው። የጎደላቸው ምን እንደሆነ የሆልስ ክሪክ ታሪክ ይነግረናል፦ የምትሞላ ሳጥን፣ በማንኛውም ሰዓት የሚያነሳ ሐኪም፣ ሪፈር ሲባል የሚመጣ አምቡላንስ። እና መስመር።

መስመሩ ሲቆረጥ

መስመር ስንል ስለ ኔትወርክ መጨናነቅ ብቻ እያወራን አይደለም። ከጃንዋሪ 2020 መጀመሪያ አንስቶ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ በምሥራቅ ወለጋ፣ ያ የ2007 ሳተላይት የተተከለባት ነቀምቴ ባለችበት ዞን፣ ኢንተርኔቱ ቆመ። በማርች 13 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። የአገሩ ሬዲዮ በሙሉ «ምልክት ካያችሁ 8335 ደውሉ» ይል ነበር። የስልክ መስመሩ በተዘጋባቸው የወለጋ ዞኖች የሚደወልበት ስልክ አልነበረም። መስመሩ የተከፈተው በማርች መጨረሻ ነው። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆረጠች፤ አብዛኛው ክልል እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ በዚሁ ቆየ። በኦገስት 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ።

ይህ ሲነሳ ክርክሩ ሁልጊዜ የፖለቲካ ነው፤ ስለ ፌስቡክ፣ ስለ ጥላቻ ንግግር፣ ስለ ጸጥታ። እኛ የምንለው አጭር ነው። ሐኪም በመስመር መምጣት ከጀመረ ወዲህ መስመር መቁረጥ ማለት የክሊኒክ በር መዝጋትም ማለት ነው። በር የሚዘጋ ሰው ከውስጥ ማን እንዳለ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ቢያንስ የአምቡላንስና የጤና አጭር ቁጥሮች በምንም ምክንያት የማይነኩ ይሁኑ ማለት የጽንፈኛ ጥያቄ አይመስለንም።

ዲጂታል ጤና የሚሉ ስብሰባዎች በየሆቴሉ ሲካሄዱ ፕሮጀክተሩ ላይ የሚታየው አፕሊኬሽን ነው። ቆንጆ ነው፤ አንጠላውም። ከስብሰባው አዳራሽ ስንወጣ ግን መጠየቅ ያለብን ያንኑ አሮጌ ጥያቄ ነው፦ ከበሽተኛው አጠገብ ማን ቆሟል? እጁ ላይ ምን አለ? ደውሎስ ማን ያነሳለታል? ጂሚ ዳርሲ የሞተው ዕውቀት ስላልደረሰው አይደለም። ዕውቀቱ በደቂቃዎች ደርሶታል። የቀረው ነገር ሁሉ ነው ሁለት ሳምንት የፈጀው።